ከፎጣው ሥር

አባይነሽ ሦስቱን ነጫጭ ሙታንታዎች ከገመዱ ላይ መንጭቃ አወረደችና ብብቷ ሥር ሸጎጠቻቸው። ዙሪያዋን የቃኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ምን ዋጋ አለው! ሰኞ የቧንቧ ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ የግቢው ሴት ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ በሩ ላይ ተሰልፏል። ያየ አይቷል።

እዚያ ግቢ ውስጥ የሴት ልጅ ሙታንታ ከፎጣ ሥር ነው የሚሰጣው። ስድስት ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ገመዱ አንድ ነው፤ ወንድ ይወጣል ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙታንታው ይሰቀላል፣ በላዩ ፎጣ ወይም ቀሚስ ይጣልበታል፣ እንደዚያ ተሸፋፍኖ እስከ ማታ እንደረጠበ ይውላል። አባይነሽን እናቷ ያስተማረቻት እንዲህ ነው፤ እሷም ለልጇ ያስተማረችው ይህንኑ ነው። እነዚህ ሦስቱ ግን ያለ አንዳች መሸፈኛ ፀሐይ ሲሞቁ ነው ያገኘቻቸው።

ደግሞ ስፌታቸው የሷ አይደለም። አባይነሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሶዶ ገበያ መውጫ ላይ ባለው በዚህ ግቢ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የማክዳን ሙታንታ ደግሞ ከቀሚስ ገበር ከሚተርፋት ናይለን ትሠራላታለች፤ ወገቡን ሁልጊዜ በቀይ ክር ነው የምትዘጋው። እነዚህ ቀይ ክር የላቸውም። ጥጥ ናቸው፣ ለስላሳ ናቸው፣ ከሱቅ ናቸው።

"ማክዳ!"

"አቤት፣ አዬ።" ልጅቷ እናቷን በወላይትኛ እንዲህ ነው የምትጠራት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርቷ በከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ገና ዩኒፎርሟን አልለበሰችም።

"ይሄ የማነው?"

"የኔ።"

"እኔ አልሰፋሁትም።"

"ፀዲ ነች የገዛችልኝ። ናይለኑ ላብ ይይዛል፣ ጥጥ ይሻልሻል አለችኝ። ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ከፎጣ ሥር አይደርቅም ብላኛለች።"

ፀዲ! ቁልምጫው የአባይነሽን ደም አፈላው። ፀደንያ ማለት የቶማ ሚስት ናት፤ ቶማ ማለት ደግሞ የማክዳ አባት፣ የአባይነሽ የቀድሞ ባል ነው። ፀደንያ ወደ ቶማ ቤት የገባችው ፍቺው ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ በመሆኑ አባይነሽ "ባሌን ቀማችኝ" እንኳ ማለት አትችልም፤ ይህ ራሱ ያናድዳታል። ሴትዮዋ ነርስ ናት። ሚሊኒየሙ ካለፈ ወዲህ ከተማው ውስጥ ቤት ለቤት ጤና እንዲያስተምሩ ከተመደቡት አንዷ ነች። እድል ሲጠም፣ የደረሳት ቀጠና ይሄው የነአባይነሽ ሰፈር ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቦርሳዋን አንግታ ትመጣለች፤ የግቢው ሴት "ሲስተር፣ ሲስተር" እያለ ወንበር ያቀብላታል።

"ለምንድነው እሷ ሙታንታ የምትገዛልሽ? እናት የለሽም?"

ማክዳ ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች። "ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ጊዜ ነው። ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፣ ስሄድ ደግሞ ጠብ ይልና ያቆማል። ቅዳሜ ክሊኒክ ወሰደችኝ፣ ሽንቴን መረመሩና የፊኛ ኢንፌክሽን ነው አሉ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካለፈው ወር።"

"ወር ሙሉ! ለኔ ሳትነግሪ ለሷ?"

"ነግሬሽ ነበር እኮ አዬ። ብርድ ነው አልሽኝ።"

አባይነሽ ማለቷን አላስታወሰችም። ብላ ይሆናል፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል አንገቷን ቀና የምታደርግበት ጊዜ የላትም። ግን ልጅቷ አንድ ጊዜ ብትነግራት፣ ሁለተኛ መንገር አትችልም ነበር?

ቤት ገብታ የማክዳን ቦርሳ አወጣጣችው። አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሃ እንደሞላ ተገኘ። በጎኑ ላይ በማርከር መስመር ተሰምሮበታል፤ በየመስመሩ አጠገብ በሚያምር እጅ "ከመግባትሽ በፊት"፣ "እረፍት ላይ"፣ "ስትወጪ" የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ አነስ ብሎ፣ "ሽንትሽን አትያዢ፣ የኔ ቆንጆ"። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ኪኒን።

የኔ ቆንጆ። አባይነሽ ያንን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

"ኪኒኑን እስኪያልቅ ዋጪ ነው ያሉኝ" አለች ማክዳ በሩ ላይ ቆማ።

"አሁን ያቃጥልሻል?"

"አሁን ተወኝ።"

"ከተወሽ ምን ያደርግልሻል? ኪኒን ሲበዛ ማህፀን ያደርቃል።" ይህን ከየት እንዳመጣችው ራሷም አታውቅም። ከረጢቱን ከመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ጣለችና ቆለፈችው፤ ቁልፉን በአንገቷ አጠለቀች።

ማክዳ ቁልፉን እያየች ቆየችና፣ "አባዬ እነሱ ጋ ብሆን ይሻላል ብሏል" አለች። "ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ። እዚያ ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የራሳቸው ነው።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ምንም።"

"አልሄድም" አላለችም። አባይነሽ የምትሰፋውን ዩኒፎርም አንስታ ተቀመጠች፤ ክሩን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ግን አራት ጊዜ ሞከረች። ቶማ ሲሄድ እንዲህ አልሆነችም። ቶማማ ይሂድ።

ያን ቀን ማክዳን በራሷ እጅ ልታድናት ቆረጠች። የቡና ቅጠል ወቅጣ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ፣ ሚጥሚጣውን ሳትሰስት ሃይታ ቱኬ አፈላች። አያቷም እናቷም በዚሁ ነው ብርድ ያስወጡት። ማክዳ ዓይኗ እንባ እያቀረረ ሁለት ሲኒ ጠጣች። "ቀዝቃዛ ውሃ የሚባል አትንኪ፣ ብርዱን የሚያመጣው እሱ ነው" አለቻት እናቷ፤ የሃይላንዱን ውሃ ድስት ማጠቢያ አደረገችው።

በማግስቱ ማክሰኞ ፀደንያ መጣች። ሴቶቹ በረንዳው ፊት ለፊት ጥላ ውስጥ ተሰባስበው ተቀመጡ። የግቢው ባለቤት እትዬ አሳየሽም ወንበራቸውን አስወጡ።

"ሳሮ፣ እንዴት ዋላችሁ?" አለች ፀደንያ ለሁሉም፤ ወደ በረንዳው ዞር ብላ ደግሞ፣ "የማክዳ እናት፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና" አለች አባይነሽ ጨርቋ ላይ እንዳቀረቀረች።

"የዛሬው ስለ ፊኛ ኢንፌክሽን ነው። እኛ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ስለምናፍር ደግሞ ተደብቆ ይቆያል።"

አባይነሽ ፔዳሉን ረገጠችው። መኪናዋ አሮጌ ነው፤ ሲሮጥ ጆሮ ይበጥሳል። ፀደንያ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ አባይነሽም ፍጥነቷን ጨመረች። ከጩኸቱ መሃል ቁርጥራጭ ይደርሳት ነበር፤ "...ከፊት ወደ ኋላ ነው መጥረግ..."፣ "...ውሃ ሳትጠጡ መዋል..."፣ "...መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጥ..." እዚህ ላይ አባይነሽ እንደ እብድ ረገጠች። ቆይታ ስታይ መርፌው ላይ ክር አልነበረም። ባዶ ጨርቅ ስትበሳ ነው የቆየችው።

እትዬ አሳየሽ ሲበቃቸው፣ "አባይነሽ! ያንን ነገር አታቆሚም? እኛ ትምህርት ይዘናል!" ብለው ጮኹ።

"ሥራ ነው እትዬ። ዩኒፎርሙ ለሐሙስ ነው የሚፈለገው።"

ፀደንያ ቦርሳዋን ዘጋች። ልትሄድ ስትል ወደ በረንዳው ጠጋ ብላ በዝግታ፣ "ማክዳ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው አይደል?" ብላ ጠየቀች።

"እናት አላት" አለች አባይነሽ።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ማክዳን ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ደግፈው አመጧት። ሰውነቷ እሳት ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ ግራ ጎኗን ከወገቧ ከፍ ብሎ በእጇ ጨብጣለች። መንገድ ላይ አስመልሷታል። አባይነሽ መቀሷን የት እንደጣለችው አታውቅም። ባጃጅ አስቁማ ልጇን እቅፏ ውስጥ አስገብታ ወደ ጤና ጣቢያ በረረች። ከሴትዮዋ ጋር እልህ ስጋባ ልጄን ገደልኳት፣ ትል ነበር በሆዷ፤ ባጃጁ በየጉድጓዱ ሲዘል ማክዳ "እህ" ስትል አጥብቃ ታቅፋታለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የማክዳን ጎን በጡጫው ጎን መታ ሲያደርገው ልጅቷ ተስፈነጠረች። የሽንት ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ይጠይቅ ጀመር።

"ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደሻል?"

"ቅዳሜ ጀምሬ ነበር።"

"እየጨረስሽ ነው?"

የማክዳ ዓይን ወደ እናቷ አንገት ሄደ፤ ቁልፉ እዚያው ተንጠልጥሏል። ቶሎ ብላ ዓይኗን ሰበረች። "ሰኞ ጠፋብኝ" አለች። "ከቦርሳዬ ወደቀ መሰለኝ።"

"መድኃኒት ይጠፋል እንዴ? ትልቅ ልጅ አይደለሽ? ስታቋርጪው እኮ ነው ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊትሽን የነካው!"

ማክዳ ቁጣውን አንገቷን ደፍታ ተቀበለችው። አባይነሽ ይህን ስታይ የምትገባበት ጠፋት። ሌላ ሴት ልትወስድብኝ ነው ብላ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያጣችባት ልጅ፣ በትኩሳት እየነደደች የሷን ጥፋት ተሸክማላታለች።

"አልጠፋባትም" አለች። "እኔ ነኝ የቆለፍኩባት።"

ሐኪሙ ቀና አለ። "ለምን?"

"የሰጠቻት ሌላ ሴት ስለሆነች። ቀናሁ።"

እንዲህ ዓይነት መልስ ከዚህ በፊት የገጠመው አይመስልም። ብዕሩን አስቀመጠና ድምፁን ለስለስ አደረገ። "ምን ስትጠጣ ቆየች?"

"ሃይታ ቱኬ።"

"ሚጥሚጣ ያለው?"

"በደንብ አድርጎ።"

"እስክትድን ይቅርባት፣ የተቆጣውን ፊኛ ይብስ ያስቆጣዋል። ንጹህ ውሃ ነው የሚያስፈልጋት። አሁን መርፌ ትወጋለች፣ ነገና ከነገ ወዲያም ትመጣለች፤ ከዚያ የሚዋጠውን እስከ መጨረሻው ትጨርሳለች። ትኩሳቱ ካልወረደ ወይም ማስመለሱ ካላቆመ ነገን ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል ውሰጃት። ሽንቷን እየያዘች ነው እንዴ የምትውለው?"

አባይነሽ አታውቅም ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ማክዳን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ፣ "ለምን ዋሸሽለት?" ብላ ጠየቀቻት።

"ፀዲ ከሰማች ትታዘብሻለች ብዬ።"

"ትታዘበኛ።"

"እኔ አልፈልግም።"

አባይነሽ መስኮት በሌለው ባጃጅ ውስጥ ወደ ውጭ ዞረች፤ እንባዋን ንፋሱ ያድርቀው ብላ። ቆይታ፣ "ሽንትሽን ለምንድነው የምትይዢው?" አለች።

ማክዳ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። "የትምህርት ቤቱ በር የለውም፣ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ። እቤት ደግሞ ቁልፉ እትዬ አሳየሽ ጋ ነው። ስጠይቃቸው 'አሁን አልነበር እንዴ የሄድሽው? አንቺ ልጅ ምን ሆነሻል?' ይሉኛል፣ የጎረቤታችን የነጌታነህ ቤት ወንዶች በሙሉ ይሰማሉ። ስለዚህ ውሃ አልጠጣም፤ ካልጠጣሁ አይመጣብኝም።"

"አባትሽ ቤትስ?"

"እዚያ ቁልፍ የለውም። ዝም ብዬ እሄዳለሁ።"

ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሴትዮዋ መልክ፣ በትምህርቷ፣ በእጅ ጽሑፏ ስትቀና የኖረችው አባይነሽ፣ ለካ መቅናት የነበረባት በሽንት ቤቷ ኖሯል! ሳቅም እንባም መጣባት። ማክዳ ግን እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ትኩሳቱ ጋብ አለ። አባይነሽ የተረፈውን ዩኒፎርም ትታ በቀጥታ ወደ እትዬ አሳየሽ ቤት ሄደች።

"እትዬ፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ቅጂ ላስቀርጽ ነው የመጣሁት።"

"ምን? ለያንዳንዱ ተከራይ ቁልፍ ከሰጠሁ ያ ቤት ምን ሊሆን ነው? ማንስ ያጥበዋል?"

"እኔ አጥበዋለሁ። ሰኞ ውሃ ሲመጣ፣ ሐሙስም።"

"ለልጅሽ ብለሽ የግቢውን ሁሉ ታጥቢያለሽ?"

"ለልጄ ብዬ።"

እትዬ አሳየሽ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ምናለ በጊዜው ብትነግሪኝ?" አሉ በመጨረሻ፣ ቁልፉን ከወገባቸው እየፈቱ። "እኔ ልጅቷ ለጨዋታ የምትመላለስ መስሎኝ ነው። ውሰጂው፣ እስከ ቀትር ግን መልሺልኝ።"

አዲሱን ቁልፍ አባይነሽ በቀይ ክር አስራ ማክዳ አንገት ላይ አጠለቀችው። የመሳቢያውን ቁልፍ ደግሞ ከራሷ አንገት አውልቃ መሳቢያው ላይ ሰክታ ተወችው።

ከዚያ ለፋሲካ ብላ ለራሷ የገዛቻቸውን ሁለት ነጭ የጥጥ ካናቴራዎች ከሳጥን አወጣች። ቅዱን በዓይኗ ልትገምት ሞከረችና አልሆነላትም፤ ናይለንና ጥጥ አንድ አይደለም። ጥርሷን ነክሳ ፀደንያ ከገዛቻቸው ሙታንታዎች አንዱን ወረቀት ላይ ዘረጋችና ዙሪያውን በጠመኔ ወሰደችው። በሕይወቷ የሌላ ሰው ቅድ ስትሰርቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሲያልቅ ግን ከሱቁ ይበልጥ ነበር፤ እግሩ ላይ አላጠበቀችውም፣ ላስቲኩን በጨርቅ ሸፍናዋለች። ወገቡን በቀይ ክር ዘጋችው፤ እንዲሁ አድርጋ ሦስት ሰፋች።

ዓርብ ቶማ ደወለ። "ፀደንያ ከጤና ጣቢያ ሰማች፤ ልጄን እንዲህ አድርገሽ ነው የምታስቀምጪያት? ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው። አልክድም" አለች አባይነሽ። "ግን እሷን ጠይቃት።" ስልኩን ለማክዳ ሰጠቻትና ከቤት ወጣች። ፊቷን አይታ እንዳትመልስ ብላ ነው። በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀች።

"አባዬ፣ እንደ ድሮው ቅዳሜ እመጣለሁ" አለች ማክዳ ውስጥ። "አይ፣ እዚህ ነኝ። የራሴ ቁልፍ አለኝ እኮ አሁን። ስልኩን ለፀዲ ስጣት።" ከዚያ ሳቋ ተሰማ፤ ረጅም ሳቅ ነበር። አባይነሽ ሰማችው። አሁንም አቃጠላት፤ አንድ ቁልፍ ያን ሁሉ አያጠፋውም።

ማክሰኞ ደረሰ። አባይነሽ በማለዳ ተነሥታ የማክዳን ልብስ አጠበች። ሦስቱን አዳዲስ ሙታንታዎች ገመዱ ላይ ሰቀለችና፣ እጇ ከልማዷ ፎጣውን አነሳ። ፎጣውን ይዛ ጥቂት ቆመች። ከግቢው በር የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ገመድ ነው። ፎጣውን ወደ ዳር ወስዳ ለብቻው ሰቀለችው፤ ሦስቱን ደግሞ ወገባቸው ወደ በሩ እንዲሆን አዞረቻቸው፤ ቀዩ ክር በደንብ እንዲታይ።

ፀደንያ በሦስት ሰዓት መጣች። ከበሩ ገባ እንዳለች ገመዱን አየችና እርምጃዋን ገታች። ወደ በረንዳው ተመለከተች። አባይነሽ አቀርቅራ የምትሰፋ መሰለች፤ በዓይኗ ጥግ ግን ሁሉን ታያለች። ፀደንያ ፈገግ አለች፤ የሚያናድድ፣ ደግ ፈገግታ ነበር። ከዚያ ሄዳ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠችና ቦርሳዋን ከፈተች።

"ባለፈው የጀመርነው አላለቀም..."

የአባይነሽ እግር ፔዳሉ ላይ ነበር። እትዬ አሳየሽ ሊቆጧት አስቀድመው ፊታቸውን አዞሩ። ማክዳ የሃይላንዷን ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ እሷም የእናቷን እግር ነው የምታየው።

አባይነሽ እግሯን አነሳች። በርጩማዋን ይዛ ከበረንዳው ወረደች፤ ከሴቶቹ ዳር አስቀመጠችና ተቀመጠች።

"እኔ ባለፈው አልሰማሁም" አለች ማንንም ሳታይ። "ከመጀመሪያው ጀምሪልን።"